ሱቅ ያደረው ኮምፒውተር

መኪናው ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ሄደ፣ ቆመ፣ ዘለለ፣ ደግሞ ቆመ። መንገድ ዳር የተደረደሩት ዛፎች አንዴ ድርግም ብለው ይጠፋሉ፣ አንዴ ሁሉም ባንድ ላይ ተግተልትለው ይመጣሉ። ሹፌሩ ግን ፊቱን እንኳ ሳያጠቁር ጣቱን ከቁልፉ ላይ በቀስታ አነሳና መኪናው እስኪረጋጋ ጠበቀ።

የተንገበገበችው ከጀርባው ስፌት ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ናት። እግሯን ከስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ አነሳችና ሱቅ ባየነው ጊዜ እንዲህ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው።

"ተይው፣ ይላመዳል" አላት ሳይዞር።

ይላመዳል! ጥጃ ይላመዳል፣ አዲስ ጫማ ይላመዳል። ኮምፒውተር ግን እሷ እስከገባት ድረስ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። ይህን ለራሷ እያጉረመረመች ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ዓይኗ ግን ከባሏ ትከሻ በላይ ስክሪኑ ላይ ቀረ።

መኪናው እውነተኛ መኪና አልነበረም። የጭነት መኪና የሚያስነዳ ጌም ነው፤ ጭነት ይሰጡሃል፣ መንገድ ይሰጡሃል፣ ተራራውን ወጥተህ ወርደህ ታደርሳለህ። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ ሲጎትት የኖረ ሰው ነው። ወገቡ ከተጎዳ በኋላ ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ እንዳትጨብጥ ብሎ ቁርጡን ሲነግረው መስኮት ሥር ወንበር አስቀምጦ የሰፈሩን መኪና መስደብ ሥራው አደረገ። ይሄኛው ፍሬኑን አቃጠለው፣ ያኛው ማርሽ አያውቅም፣ የወዲያኛውን መንጃ ፈቃድ የሰጠው ሰው ይታሰር ይላል። እሷም እየሳቀች ትሰፋለች። ታዲያ አንድ ሰሞን ስድቡን ተወው። መኪናው ሲያልፍ ያያል፣ ዝም ይላል። የደነገጠችው ያን ጊዜ ነው። ሰው መናገር ሲተው እንጂ ሲሳደብ አይሞትም፤ እናቷ እንደዚያ ነበር የምትለው።

የኮምፒውተሩን ሐሳብ ያመጣው ብሎን ነበር። ብሎን ስሙ አይደለም። ድሮ የባሏ ረዳት ሆኖ መኪናው ላይ ሲሠራ ቀጭንና አጭር ነበር፤ ኪሱም ከየትም የለቃቀመው ብሎን ሞልቶበት ሲራመድ ይንሿሿል። ስሙን ያወጣለት ባሏ ነው፤ ዛሬ የገዛ ሚስቱም ሳትቀር ብሎን ትለዋለች። ከመኪናው ወርዶ የስልክና የኮምፒውተር ጥገና ከፍቷል፤ ከአውቶቡስ መቆሚያው ጀርባ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ሱቅ። ቢሮ ያስወገደው አሮጌ ሲፒዩ አለኝ አለ። ምስሉን የሚያፈጥን ደህና የግራፊክስ ካርድ ከገባበት ጋሼ ቤታቸው ተቀምጠው ይነዳሉ አለ። ብዙ የማይጠይቅ፣ ለአቅማቸው የሚሆን ነው አለ።

ሄደው አዩት። ባሏ ሱቁ ውስጥ ባለችው አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ጭነቱን ተቀበለ፣ ነዳ። መኪናው እንደ ውሃ ነበር የሚፈሰው። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ሰውነቱ ሁሉ ወደ ግራ አዘነበለ፤ ከንፈሩም የሞተሩን ድምፅ ተከትሎ እንደ ድሮው ሲያንጎራጉር ሰማችው። እሷ እንባዋ እንዳይታይ ፊቷን ወደተሰቀሉት ኬብሎች አዙራ ስለ ኬብል ቀለም ትጠይቅ ጀመር።

ከዚያ ነው ብሎን ያቺን ቃል የተናገረው። "ዛሬ እዚህ ይደር። አቧራውን ነፍቼ፣ አንዳንድ ነገር አስተካክዬ፣ ነገ ራሴ አመጣዋለሁ" አለ።

አደረ። በማግሥቱ በጀርባው ተሸክሞ አመጣው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ መኪናው ዳገት አይወጣም።

ልብስ ሰፊ ናት፤ እቃ ሰው ቤት ሲያድር ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ለሌላ ሰፊ የሰጠሽው ጨርቅ አድሮ ሲመለስ ያው ቀለም፣ ያው አበባ ነው፤ ስትለኪው ግን ክንድ ያህል የለም። ጠይቂው፣ ሲታጠብ ገብቶ ነው ይልሻል። እንዲህ ያለውን ነገር ስላየች በልቧ አንድ ነገር ተቋጠረ። ያን ምሽትና ያን ጠዋት መሐል፣ እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ የሆነ ነገር ወጥቶ የሆነ ነገር ገብቷል። ያዩት ሌላ፣ የመጣላቸው ሌላ ነው።

ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ መናገሩ ቀላል ስላልነበረ። ባሏ መንገድ ላይ በነበረበት ዘመን ቤቱ ሰው አያጣም ነበር። ሹፌር ይመጣል፣ መካኒክ ይመጣል፣ እየተሳሳቁ ያመሻሉ። ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ አንድ በአንድ ቀሩ። መጀመሪያ ሳምንት፣ ከዚያ ለበዓል፣ ከዚያ በስልክ፣ ከዚያ ስልኩም ቀረ። ዛሬም በሩን አንኳኩቶ "ጋሼ አሉ?" የሚለው ብሎን ብቻ ነው። ሌባ ነህ ብትለው ያ በር ይዘጋል፣ ባሏም ወደ መስኮቱ ይመለሳል። ዝም ብትል ደግሞ ብሎን በመጣ ቁጥር እጁን እጁን ስታይ ልትኖር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል ፈራች።

ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጇ ስትደውል ግን አላስቻላትም። ስለ ጌሙ መንቀጥቀጥ እንደ ዋዛ ጣል አደረገችላት። ልጅቷ ወዲያው ድምጿ ተለወጠ። መሥሪያ ቤቷ ያለች ሴት ኮምፒውተሯን ለጥገና ሰጥታ ሁለት የነበረው ራም፣ ማስታወሻ የሚይዘው ቀጭን እቃ፣ አንድ ሆኖ እንደተመለሰላት ነገረቻት። ካርድም ይለውጣሉ፣ ከላይ አንድ ዓይነት ነው፣ ማንም አያውቅም አለች።

"ብሎን እኮ ነው" አለች እናት።

"እማ፣ ሌባ ግንባሩ ላይ ይጻፍበታል እንዴ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ያቺ ተረት ጆሮዋ ውስጥ እንደ ትንኝ ቀረች።

በማግሥቱ ባሏን ሳታማክር ወደ ብሎን ደወለች። ቁጣዋን ውጣ፣ በተቻላት ሁሉ ድምጿን አለስልሳ፣ ጌሙ እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ነገረችው። ብሎን የገረመው መሰለ። ወይም የገረመው ለመምሰል ሞከረ፤ በስልክ አይለይም። መጀመሪያ የስክሪኑ ኬብል የቱ ላይ እንደተሰካ ጠየቃት። ከሲፒዩው ጀርባ ላይኛው በኩል አንድ መሰኪያ አለ፣ ታች ደግሞ አግድም የተኛ ሌላ አለ፤ ላይኛው ላይ ከተሰካ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣልና ጌሙ ይንፏቀቃል አላት። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ ገባች። ኬብሉ ታችኛው ላይ ነበር።

እንግዲያው ሙቀት ይሆናል አለ። ከግድግዳው አርቁት፣ ፋኑ የሚተነፍስበት ቀዳዳ እንዳይታፈን። ጠረጴዛውን ከነስክሪኑ እየጎተተች አራቀችው። እጇን አስጠግታ ስታይ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነው። ነገረችው። ከዚያ ሌላ ከኋላ የተከፈተ ፕሮግራም ካለ ዝጉ አለ። ባሏ ዘጋጋ። መኪናው ያው ዳገቱ ላይ ያው መንቀጥቀጡን ቀጠለ።

እሷ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ሌላ ነገር ይሸትታት ጀመር። ገበያ ላይ እቃ የሰረቀ ሰው ከሁሉ ቀድሞ "ያዙት!" ብሎ ይሮጣል አይደል? ይሄም ኬብል ነው፣ ሙቀት ነው እያለ ከጠረጴዛ ሥር ሊያስውላት ነው። ደግሞ ያለፈውን ሁሉ እየቆፈረች ታወጣው ገባች። ኮምፒውተሩን ያመጣ ዕለት ሻይ አፍልታለት ሳይቀመጥ ሄደ፤ ደንበኛ ይጠብቀኛል ብሎ። መቼ ነው ብሎን ሻይ ትቶ የሚያውቀው? ካርዱ የት እንዳለ ስትጠይቀው በጣቱ ጠቆም አድርጎ ክዳኑን ቶሎ ገጠመው። እሱስ ምን አስቸኮለው?

ባሏ ይህ ሁሉ ሲሆን አንዴም አላማረረም። ኬብሉ ሲነቀል ዓይኑን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፣ ተመልሶ ሲሰካ ጉዞውን ይቀጥላል። ይላመዳል ብዬሻለሁ ይላታል። ትዕግሥቱ አንጀቷን በላው። የምትወደው ሰው አታሎህ እንደሆነ ከማወቅ ዳገት ላይ መንቀጥቀጥ ይሻላል ብሎ ይሆናል ብላ አሰበች።

በመጨረሻ ብሎን ራሱ መልሶ ደወለ። "በስልክ አይሆንም፣ እትዬ። ነገ ከሰዓት መጥቼ ልውሰደውና ሱቅ ይደር" አላት።

ይደር። ስልኩን ይዛ ቆማ ቀረች። መጀመሪያ ሲያድር ልቡን አወጣው፤ አሁን ሁለተኛ ሲያድር ሳንባውን ሊያወጣ ነው።

ያን ጊዜ ነው የባሏ የድሮ ብልሃት ትዝ ያላት። ሹፌሮች መኪናቸውን የማያምኑት ጋራዥ ማሳደር ግድ ሲሆንባቸው ባዶ እጃቸውን አይሄዱም። ባትሪው ጥግ ላይ በምስማር ይጭራሉ። ትርፍ ጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ ካላወቁት የማይታይ ቦታ፣ የቀለም ነጥብ ያደርጋሉ። ጠዋት መጥተው በመጀመሪያ የሚያዩት ሞተሩን ሳይሆን ያቺን ነጥብ ነው። ነጥቧ ካለች ለመካኒኩ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከሌለች ፖሊስ።

በማግሥቱ ጠዋት ባሏ ለወገቡ ማሻሸት ወደ ክሊኒክ እንደሄደ በሩን ቀረቀረች። ሲፒዩውን ከመብራት ነቅላ መሬት ላይ አስተኛችውና ክዳኑን ለመፍታት ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ትንሿን መፍቻ አወጣች። ውስጡን ስታየው ባዶ ቤት መሰላት። ያን ሁሉ ተራራና መንገድ የሚይዝ ነገር ውስጡ ይህ ብቻ ነው? ካርዱን ብሎን ጠቁሟት ስለነበር ለየችው፣ ራሞቹንና ቀሪውን በግምት። ልጇ ጥላው የሄደችውን ቀይ የጥፍር ቀለም ከፍታ፣ መዳብ መዳብ የሚመስለውን ሳትነካ፣ በየእቃው ጥግ አንዳንድ ነጥብ አሳረፈች። የሸሚዝ ቁልፍ እንደምትተክል ሴት ትንፋሿን ይዛ ነበር የምትሠራው። ሲደርቅ ክዳኑን መልሳ ገጠመች፣ መብራቱን ሰካች፣ ቀለሙን ሸሸገች፣ ሽታው እንዲወጣ መስኮቱን ከፈተች። ከዚያ ባሏ እስኪመጣ የሠራችው ስፌት ሁሉ ጠማማ ወጥቶ በኋላ ተተረተረ።

ብሎን እንዳለው ከሰዓት መጣ። የካቻቪቴ ቦርሳውን ይዟል፣ ሲፒዩውን የሚያስርበት ገመድም ይዟል። ገመዱን ስታይ ከመውሰድህ በፊት እስቲ እዚሁ ክፈተውና እየው አለችው። ባሏም ፊቱ በራና ወንበሩን አዞረ፤ ልብስ ሊያሰፋ ሰው ሲመጣ ጌሙን ያቆማል፣ ለብሎን ሲሆን ግን አያቆምም ነበር፤ ዛሬ ግን የኮምፒውተሩን ሆድ ለማየት ራሱ አጠፋው።

ብሎን ክዳኑን አነሳ። የስልኩን መብራት አበራ። ከዚያ እጁ ባለበት ቆመ።

እሷ ጨርቅ ያጠፈች መስላ ከጎን ታየዋለች። መብራቱ ከካርዱ ወደ ራሞቹ፣ ከራሞቹ ወደ ፋኑ፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀስ ብሎ ሄደ። ብሎን ያን ምልክት አያውቅም ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ተሳስቷል። ስንት ጋራዥ ደጃፍ፣ ቀለሙን ይዞ የቆመ ረዳት እሱ ራሱ አልነበረም?

ባሏ አንገቱን ሰገግ አደረገ። "ያ ቀይ ነገር ምንድን ነው?"

ልብስ ሰፊዋ ያጠፈችውን ጨርቅ መልሳ ዘረጋችው። ብሎን ቀና ብሎ አላያትም።

"የፋብሪካ ምልክት ነው፣ ጋሼ። አንዳንዱ ካርድ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው" አለ።

አላንተባተበም። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። የሰማይን ቀለም የነገረ ያህል አለፈ። መሸፈኑን አወቀች፤ ማመስገን ነበረባት። ግን የጠረጠረ ልብ ምን ያመሰግናል? እንዲህ ዓይኑን ሳያሽ የሚዋሽ ሰው፣ ብላ አሰበች፣ ከዚህ በፊት ስንቴ ዋሽቶን ይሆን?

ብሎን ገመዱን ወደ ቦርሳው መለሰው። አልወስደውም፣ እዚሁ እጨርሰዋለሁ አለ። ከመጣ ጀምሮ ይቀልድ የነበረው ሰውዬ ከዚያ በኋላ ቃሉን ቆጠበ። ካርዱን ነቅሎ አየው፣ መልሶ እስኪቆለፍ ተጫነው። ራሞቹን አንድ በአንድ አውጥቶ በልብሱ ጫፍ ጠራርጎ መለሰ። የሚያወጣውን ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ወደ እሷ በኩል ከፍ አድርጎ ነበር የሚይዘው። እይ፣ ይኸው፣ እንደማለት። ያ ከስድብ ይልቅ ቆጠቆጣት።

ከዚያ አበራውና ጌሙን አስነሳ። ባሏ እንዲነዳ አደረገና ጎን ለጎን አንድ ትንሽ መስኮት ከፈተ፤ ውስጡ መስመሮች ይሳባሉ። አንዱ የካርዱ ነው አለ፣ አንዱ የራሙ፣ አንዱ የፕሮሰሰሩ፣ የዋናው ሞተር ማለት ነው። መኪናው ዳገቱን ያዘ። መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብሎን ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ።

"አዩ፣ ጋሼ? ካርዱ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል። ጤነኛ ነው፣ የሚሠራው ነገር ነው ያጣው። ፕሮሰሰሩን ይዩት፤ ይወጣ ይወጣና እዚህ ላይ ጣሪያ ያገኘ ይመስል ይተኛል። መውጣት የሚችለው የዚህን እጥፍ ነው። ሞተሩ ደህና ነው፣ ፔዳሉ ሥር ግን ድንጋይ አለ።"

"ድንጋይ?" አለች እሷ፤ ሳታስበው ቀርባ ነበር።

"ከዚህ በላይ እንዳትሄድ ተብሎ ታስሯል ማለቴ ነው፣ እትዬ። ከኔ ሱቅ ሲወጣ ግን አልታሰረም።"

ይሄው መጣ አለች በልቧ። አሁን ደግሞ በእኛ ሊያሳብብ ነው። ቤት ያለነው ሁለት ነን፤ እኔ ከክዳኑ በቀር አልነካሁ፣ ማብራቱንም በቅጡ አላውቅ። ባሏን አየችው፤ አግዘኝ፣ ተቆጣው ለማለት። ባሏ የጠረጴዛውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይደባብሳል።

ብሎን አንድ ገጽ ከፈተ፣ ከዚያ ውስጥ ሌላ፣ ከዚያ ውስጥ ሌላ። ጉልበት የሚደለደልበት ቦታ ነው አለ። እዚያ መሐል አንድ ቁጥር አለ፤ መቶ መሆን ነበረበት። አርባ ይላል።

"ማን ነው ይሄን የነካው?"

ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ ነኛ።"

ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩ።

"ምን ታዩኛላችሁ? አዲስ ካርድ አስገብቼበታለሁ አላልክም?" አለ ብሎንን፤ የተከሰሰ ሳይሆን የሚያስተምር ሰው ድምፅ ነበረው። "አዲስ ነገር የገባበት ሞተር በመጀመሪያው ሰሞን ይረገጣል? ሮዳጅ አለው፣ ለስለስ ተደርጎ ይነዳል፣ እስኪላመድ። ያመጣኸው ዕለት ማታ ስፈላልግ ይቺን ገጽ አገኘኋት። አርባ አደረግኋት። ትንሽ ሰንብቼ ሃምሳ፣ ከዚያ ስድሳ እያልኩ ልወጣ ነው። መጀመሪያ ላይ የረገጡት ሞተር ዕድሜ የለውም፤ አንተ ራስህ ታውቃለህ።"

ብሎን አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ይህ ሞተር እኮ ቢሮ ውስጥ ስንት ዓመት ሲረገጥ የኖረ ነው ሊል ፈልጎ ነበር፤ ለኮምፒውተር ሮዳጅ የሚባል ነገር እንደሌለም። ሁለቱንም በቀስታ ነገረው፣ ሳያሳፍር። ባሏ አዳመጠ። አላመነም፣ ግን ልጁ ሥራው ስለሆነ እሺ አለ። ብሎን አርባውን ደልዞ መቶ ጻፈ።

መኪናው ዳገቱን ወጣ። ዛፎቹ ተራቸውን ጠብቀው አለፉ። ባሏ ጠመዝማዛው ላይ ወገቡን ረስቶ ወደ ግራ አዘነበለ፤ ከከንፈሩም ያ የሞተር እንጉርጉሮ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ግን ደስ አላላትም። እግሯ ሥር ያለው መሬት የከዳት መሰላት። ይላመዳል ሲላት የነበረው ለካ ተስፋ ቆርጦ አልነበረም፤ ቃል በቃል ይላመዳል ማለቱ ነበር። የጎደለ ክንድ የለም። የተለወጠ ጨርቅ የለም። ያለው የእሷ ነጥብ ብቻ ነው።

ብሎን ክዳኑን ገጠመ፣ ካቻቪቴውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ደህና ዋሉ ጋሼ አለ። ባሏ ቁልቁለት ላይ ስለነበር እጁን ብቻ አነሳለት። እሷ እስከ ውጭው በር ተከትላው ወጣች። የምትለው ነገር አላዘጋጀችም። እሱ ነው የቀደማት።

"ሌላ ጊዜ ሲበላሽ፣ እትዬ፣ ከመቆሚያው ማዶ አንድ ጎበዝ ልጅ አለ። እሱ ይሻልዎታል። ለጋሼ ሥራ በዛበት ይበሉልኝ።"

ይህን ብሎ ወጣ። ጥፋቷ ተሸፈነላት ማለት ነው። ባሏ ነጥቦቹ የፋብሪካ ምልክት መሆናቸውን ያምናል፤ ብሎን ሲቀር ሥራ በዝቶበት ነው ይላል፣ እንደሌሎቹ። ማንም አይወቅሳትም። በሩን መዝጋት ብቻ ነው የሚቀረው።

አልዘጋችውም። ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ መንገድ ላይ ደረሰችበትና ክንዱን ያዘችው። ተመለስ አለችው። ምነው ቢላትም እንደ ልጅ እየጎተተች አስገባችው፣ ባሏ ፊት አቆመችው። ባሏ ጣቱን ከቁልፉ አነሳ፤ መኪናው መንገድ ዳር ቆመ።

"ያ ቀይ ነገር የፋብሪካ አይደለም። እኔ ነኝ የቀባሁት" አለች። "ሱቅ ሲያድር እቃ የለወጠብን መስሎኝ ነው። ሌባ መስሎኝ ነው።"

ባሏ ወንበሩን ወደ እነሱ አዞረ። እሷን አየ፣ ከዚያ ብሎንን።

"ከማን ተማርሽው?" አላት።

"ካንተ።"

ራሱን ነቀነቀ፤ አዎን ነው አይደለም አልታወቀም። "እኔም እኮ አድርጌበታለሁ" አለ። "መኪናዬ ላይ የወጣ ሰሞን። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ልጅ፣ ኪሱ ብሎን የሞላ! ከኔ መኪና እየፈታ እንደሆነስ? ትርፍ ጎማዎቹን ሁሉ ምልክት አደረግኩባቸው። ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አይ ነበር። አንድም ቀን አልጠፋም።"

"ዝናብ የማያስለቅቀው ቀለም ነበር እንዴ፣ ጋሼ?" አለ ብሎን።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ሲለቅ የምቀባው እኔ ነበርኩ። አለበለዚያ ጎማ ሰረቅህ ሊሉኝ ነው።"

ባሏ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከሆዱ ተነስቶ ወገቡን እስኪያመው ሳቀ፣ ወገቡን ይዞ አቃሰተ፣ ደግሞ ሳቀ። ብሎንም ፈገግ አለ። እሷ ግን ፊቱን እያየች ስለነበር ፈገግታው ዓይኑ ላይ ሳይደርስ መክሰሙን አየች።

"ያን ጊዜ ግን ማንም አያውቀኝም ነበር፣ እትዬ" አለ።

ይቅርታ አድርግልኝ አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንዲህ ትንሽ ይሆናል ብላ አልገመተችም።

ባሏ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ጭነቱን የሚያራግፍበት ግቢ ደርሷል፤ ተሳቢውን ወደ ኋላ አስገብቶ ጠባብ ቦታ ላይ ማቆም ይቀረዋል። "ና ቁጭ በል" አለ፣ ማንንም ሳያይ። "ወደ ኋላ ልመጣ ነው። ብቻዬን እንዴት ይታየኛል?"

ብሎን ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ። በሩን አየ። ልብስ ሰፊዋ የራሷን ወንበር፣ ከስፌቱ ሥር፣ አንስታ ከባሏ ቀኝ አስቀመጠችና ራቅ አለች። ብሎን ቦርሳውን መሬት ላይ አኖረና የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው።

"ግራ ይስጡት። ይበቃል። ቀኝ ክፍት ነው፣ ጋሼ። ይምጡ። ይምጡ። ይምጡ።"

ወደ እሷ አልዞረም። እሷም እንዲዞር አልጠበቀችም፤ ቆማ ተሳቢው ወደ ቦታው ሲገባ አየች።